የታመመው ውሻችን ሕክምና እስከ የት ድረስ ይሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። መቻል የሚባል የ12 ዓመት ውሻ አለን። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እሱ ወደ አሜሪካ ከሄደ ወዲህ ግን የምንንከባከበው እኔና እናቴ ነን። መቻል ካለፈው ክረምት ጀምሮ ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሌሊት ሳይቀር ደጋግሞ ይሸናል፣ በጣም ከስቷል። አሁን አሁን ደግሞ ምግብ ሲቀርብለት አሽትቶ ይተወዋል፤ ያስመልሰዋልም። ሐኪሙ ደሙን መርምሮ ኩላሊቱ መጎዳቱን ነገረን፤ ለጥቂት ቀናት ግሉኮስ ተሰጥቶት ሻል ካለው በኋላ ተመልሶ ደከመ። ወጪው ከእናቴ የሁለት ወር ጡረታ በልጧል። ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፤ የኩላሊት እጥበትም ቢሆን ይደረግለት፤ ካልሆነም ወደዚህ አስመጣዋለሁ» ይላል። እናቴ «ሰው ለኩላሊት እጥበት የሚከፍለው አጥቶ በየመንገዱ እየለመነ፣ ለውሻ ይህን ያህል ማውጣት ፈጣሪን ማሳዘን ነው» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ለሕመሙ ዲክሎፌናክ እንድንሰጠው መክሮናል። እስከ የት ድረስ መሄድ ይገባናል?

ግራ የገባት እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሌላውን ከማንሳቴ በፊት ዲክሎፌናኩን እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም የሚቀንሱና የውሻን ጨጓራ የሚያቆስሉ መድኃኒቶች በመሆናቸው፣ ኩላሊቱ ቀድሞ በተጎዳ ውሻ ላይ የከፋ ጉዳት ያደርሳሉ። ማንኛውም የሰው ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም ጭምር፣ ሐኪሙ ሳያዝዝ ለመቻል መሰጠት የለበትም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ መጀመሪያ መለየት ያለበት ጉዳቱ ድንገተኛ ነው ወይስ ሥር የሰደደ የሚለው ነው። የውሻ ኩላሊት በመርዝ፣ በመድኃኒት፣ ወይም በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃ በሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተነሳ በድንገት ሲታወክ፣ በጊዜ ከተደረሰለት ሊያገግም ይችላል፤ እንዲህ ባለው ሕመም ላይ አቅም እስከፈቀደ ድረስ መሄድ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ለወራት የዘለቀ የውኃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና መክሳት ግን የሚያመለክቱት ሥር የሰደደውን ዓይነት ነው። ይህ ሕመም ምልክቱን የሚያሳየው ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛው ያህል ከጠፋ በኋላ ሲሆን፣ የጠፋው ክፍል ተመልሶ አይተካም። ሐኪሞች ሕመሙን በ4 ደረጃዎች ስለሚከፍሉት፣ መቻል የትኛው ላይ እንዳለ በግልጽ ይጠይቁ። ደረጃ 2 ላይ ያለ ውሻ በጥሩ እንክብካቤ ከዓመት በላይ ሊኖር ሲችል፣ ደረጃ 4 ላይ የደረሰ ውሻ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ነው። የሽንትና የአልትራሳውንድ ምርመራ ካልተደረገለት፣ ከዚህ በኋላ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ቀድሞ ለዚህ መዋል ይኖርበታል። የሌላ ሐኪም አስተያየት ከፈለጉም፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ወንድምዎ ያነሱት የኩላሊት እጥበት ለውሻም ይሰጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ እንዳለው የእንስሳት ሆስፒታል ያሉ ጥቂት ተቋማት አገልግሎቱ አላቸው፤ ነገር ግን በዋናነት የሚውለው በድንገት የታወከ ኩላሊት ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ደሙን ለማጣራት ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት የ12 ዓመት ውሻ የሚያስገኘው ውጤት አነስተኛ ነው። መቻልን ወደ አሜሪካ መውሰዱም ቀላል አይደለም። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለመዘገበቻት፣ ከዚህ የሚሄድ ውሻ ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ (ማይክሮቺፕ)፣ የክትባት ማስረጃ፣ የደም ምርመራና ሲደርስ በሚቀበለው ተቋም የተያዘ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፤ ይህን ሁሉ ለማሟላት ሳምንታት ይፈጃል። የደከመ ውሻ በማያውቀው ሣጥን ተዘግቶ ያን ያህል ሰዓት እንዲበር ማድረግን፣ ፍቅራቸውን ሳልጠራጠር፣ አልመክርም።

የወንድምዎ ገንዘብ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም መቻል እዚያው ግቢው ውስጥ እያለ የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። ሐኪሙ ከተስማማ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለውን ቆዳ በጣት አንስቶ ፈሳሽ መስጠትን ሊያሳይዎት ይችላል። ለዚህ የሚውለው ሪንገር የሚባለው ጨዋማ ፈሳሽ እንጂ ስኳር ያለበት ግሉኮስ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ፈሳሹ ከቆዳው ሥር የሚፈጥረው እብጠት ወደ እግሩ እየወረደ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋ አያስደንግጥዎ። ማስመለሱን የሚያስታግስ መድኃኒትም አለ፤ ብዙ ውሾች ወደ ምግብ የሚመለሱት እሱን ካገኙ በኋላ ነው። በየቤታችን ለውሻ የሚሰጠው አጥንት ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን የበዛበት በመሆኑ ለታመመ ኩላሊት ሸክም ነው። በምትኩ ጨውና በርበሬ ያልነካው ሩዝ ከእንቁላል ነጩ ክፍልና ከጥቂት ሥጋ ጋር ይቅረብለት፤ ለኩላሊት ሕሙማን ውሾች የሚዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ደግሞ ወንድምዎ በመንገደኛ ሊልኩ ይችላሉ። ሽንቱ በዛ ተብሎ ውኃ ፈጽሞ እንዳይከለከል፤ ውኃ የሚጠጣው ኩላሊቱ ውኃ ቆጥቦ ሽንትን ማወፈር ስላቃተው ነው፣ ቢከለከል በአንድ ሌሊት ሊብስበት ይችላል።

እናትዎ ያነሱት ነገር ክብር ይገባዋል። ወጪው ከእርሳቸው መድኃኒት ወይም ከቤቱ ቀለብ የሚቀነስ ከሆነ መቆም አለበት፤ ይህን በማድረጋችሁ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም። ወንድምዎ በፈቃዳቸው የሚልኩት ገንዘብ ግን ከማንም አፍ የተነጠቀ አይደለም። 12 ዓመት ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ እንስሳ ሲታመም መርዳት፣ ለተቸገረ ሰው ከማዘን ጋር የሚጣላ ሆኖ አላየሁትም። እናትዎ «በሰላም ይሙት» ለማለት ፈልገው ከሆነ ግን፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለ እርዳታ ሲተው በሰላም እንደማይገድል መናገር ግዴታዬ ነው። ማቅለሽለሹ፣ የአፍ ቁስሉና ድካሙ ለሳምንታት ሊጎተት ይችላል።

ስለዚህ ወሰኑ የት ነው ላሉኝ፣ ወሰኑን የሚያበጀው መቻል በሚኖርባቸው ቀናት የሚያገኘው ደህንነት ነው እላለሁ። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 ባቀረቡት መመዘኛ፣ ሕመም፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስና ጥሩ ቀናት ከመጥፎዎቹ መብለጣቸው እያንዳንዳቸው ከ10 ይመዘናሉ (10 ማለት በጣም ጥሩ ነው፤ ለሕመም ከሆነ ሥቃይ የለበትም ማለት ነው)፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤውን መቀጠል ተገቢ ነው ይባላል። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ ሆኖም እናትዎና እርስዎ ለየብቻ ሞልታችሁ ብታስተያዩት በስሜት ከመከራከር ያድናችኋል። ከሐኪሙ ጋር የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት የሙከራ ጊዜ ይወስኑና በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው ጥሩ ወይም መጥፎ ቀን ብለው ምልክት ያድርጉ። ምን ሲሆን እንደምታቆሙ ከሙከራው በፊት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ለምሳሌ መድኃኒት እየወሰደም ሁለት ቀን በተከታታይ ምግብ ካልቀመሰ፣ ወይም ለመሽናት መነሳት ካቃተው።

ወንድምዎ መቻልን የሚያዩት በስልክ ነው። ድምፃቸውን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፣ ጭራውን ይቆላል፤ እርሳቸውም ደህና ነው ብለው ያምናሉ። ንጋት ላይ ከተኛበት ለመነሳት ሲታገልና ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን ሲያዞር የሚያሳይ ቪዲዮም ይላኩላቸው። ገንዘቡ የእርሳቸው ቢሆንም፣ የመጨረሻው ቃል በየቀኑ አጠገቡ ያሉት የእናንተ ሊሆን እንደሚገባ በፍቅር ይንገሯቸው።

ሙከራው ካልተሳካ፣ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ጭካኔ አይደለም። መጀመሪያ ማረጋጊያ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ እንደ ፔንቶባርቢታል ያለ ማደንዘዣ በከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሲገባ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከዚያ በኋላ ልቡ ይቆማል። ሐኪሙን የሚጠቀምበትን መድኃኒት ስም አስቀድመው ይጠይቁ። ስትሪክኒንን የመሰለ መርዝ እንስሳው ራሱን ሳይስት በመንዘፍዘፍ የሚገድል ስለሆነ፣ ማንም ቢያቀርብላችሁ እምቢ በሉ፤ ርቆ ወስዶ መንገድ ላይ መጣልም ከዚህ ያልተናነሰ በደል ነው። እናትዎን ሃይማኖታዊው ጉዳይ የሚያሳስባቸው ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ቀደም ብለው ያማክሩ፤ በጭንቅ ሰዓት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ሐኪሙ ወደ ቤት መምጣት ይችል እንደሆነና በእሑድና በበዓል ቀን ማን እንደሚገኝም ከአሁኑ ጠይቀው ስልኩን ይያዙ።