መልስ፦ የአያቴን ጠመንጃ እንዴት አጉርሼ ልተኩስ?

ወንድሜ፣ ጅማ ቤታችሁ ቆጥ ላይ ያገኘኸውን፣ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ለመተኮስ ቸኩለሃል። ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ባዶ መሆኑን እወቅ። ፊትህን ከአፈሙዙ አርቀህ ጥይት መግፊያውን ዘንግ ቀስ ብለህ እስኪቆም አስገባ፣ አፈሙዙ ጋ በጠመኔ ምልክት አድርግበት፣ ከዚያ አውጥተህ በውጪ ከቧንቧው ጋር አስተያየው። ጫፉ እሳት መግቢያዋ ቀዳዳ ጋ ካልደረሰ ውስጡ የሆነ ነገር አለ፣ ምናልባትም አያትህ የረሱት ባሩድ። ያኔ አትጎርጉረው፣ ባለሙያ ጥራ። የጅማ እርጥበት ገድሎታል ብለህም እንዳትሸወድ፣ ጥቁር ባሩድ ሲደርቅ መልሶ ይነዳል።

ባዶ ከሆነና ፈቃድ ካለህ፣ የዘመኑን ጭስ አልባ ባሩድ እንዳትሞክር፣ ቧንቧውን ይበትነዋል። ከባሩድ መያዣው ቀንድም በቀጥታ አትጨምር። ከቀድሞው ተኩስ የቀረች ፍም ካለች ቀንዱ እጅህ ላይ ይፈነዳል። በትንሽ መስፈሪያ ለክተህ ጨምር። የእርሳስ ጥይቷም ባሩዱ ላይ ልጥፍ ትበል፣ መሃል ክፍተት አይኑር።