አፈሩ ከመመለሱ በፊት ቱቦውን እዩት

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። የእናቴ ቤት ደብረ ማርቆስ ነው፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ እሷ ብቻዋን ናት። ከገና ወዲህ ሽንት ቤቱ ውሃ ሲደፉበት ይመለሳል፣ ከቆጣሪው ወደ ማድቤት በሚሄደው መስመር ላይ ደሞ አንድ ቦታ በዚህ በጋ እንኳን እርጥብ ነው ሣሩም ለምልሟል፣ የውሃ ቢልም ጨምሮባታል። አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ አየና ሁሉንም በኤክስካቫተር አውጥቼ በሁለት ቀን አዲስ አደርግላችኋለሁ አለ፣ ግማሹን ብር በቅድሚያ ይፈልጋል፣ ውል ምን ያደርጋል እንተማመናለን ነው የሚለው። ሴፍቲ ታንኩ አባቴ በሕይወት እያለ የተሠራ ነው፣ ተመጥጦ አያውቅም። አጥሩ ሥር የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አለ። ክረምት ሳይገባ ባስጨርስ ደስ ይለኛል፣ ሰውዬውን ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ። ኤክስካቫተሩ ለጊዜው ይቆይ። የጻፍሽልኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ የሚመለሰው ሽንት ቤትና የሚያፈሰው የውሃ መስመር ምንም ላይገናኙ ይችላሉ፣ ሰውዬው ግን ሁለቱንም በአንድ ቁፋሮ ጠቅልሎ ዋጋ ጠራባችሁ።

ከውሃው እንጀምር። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ሮቶ ካላችሁ መግቢያውንም ዝጉ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፋችሁ እደሩ። ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ከቆጣሪው ወዲህ ያፈሳል ማለት ነው፣ እሱ የናንተ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀና መሬቱ አሁንም እርጥብ ከሆነ ግን ምናልባት ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ነው፣ ያንን የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት እንዲያየው አመልክቱ፣ ለተቋራጭ አንድ ብር እንዳትከፍሉበት። ሣሩ የለመለመበትን ቦታ ደሞ አንድ ጎበዝ የቀን ሠራተኛ በዶማና በአካፋ በግማሽ ቀን ይከፍተዋል፣ ለዚህ ማሽን ማስገባት ቧንቧውንም ግንቡንም መጨረስ ነው።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ መጀመሪያ አስመጥጡት። ያን ያህል ዓመት ያልተመጠጠ ታንክ ሞልቶ ቢመልስ ምን ይገርማል፣ እኔ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አስመጥጡ ነው የምለው። ተመጦ ሽንት ቤቱ ደህና ከሄደ በቃ ቁፋሮ የለም። ታንኩ ባዶ ሆኖ ሳለ አሁንም ከመለሰ ችግሩ ከቤት ወደ ታንኩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ነው። በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ተመልሶ ከሞላ ደሞ ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ወደ መሬት የሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድ ውሃ መምጠጥ አቁሟል፣ ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ ይሄ አይገርመኝም፣ ዋልካ በበጋ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል ክረምት ሲገባ ግን አብጦ ይዘጋል ውሃም አያሳልፍም። ያኔ ነው ስለ ቁፋሮ የምናወራው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት፣ ይሄን ለእናትሽም ለሠራተኛውም ንገሪያቸው፣ ታንኩ ተመጦ ባዶ ቢመስልም ማንም ሰው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ። ውስጡ ያለው ጋዝ በሁለት በሦስት ትንፋሽ ይጥላል፣ ወዳጁን ላወጣ ብሎ ተከትሎ የሚገባውም እዛው ይቀራል። የቦይ ቁፋሮም እንደዚያው ነው፣ አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1 ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፣ ከደረት በላይ ጠልቆ ግድግዳው በጣውላ ሳይደገፍ ሰው ውስጥ አይቁም፣ የወጣውም አፈር ከአፉ ቢያንስ 60 ሳንቲም ይራቅ። ተቋራጩ ይሄን ስትነግሪው ከሳቀ ሌላ ሰው ፈልጊ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤቴ ላይ የፍሳሽ መስመር አሠርቼ ነበር፣ ሰውዬው ጠዋት ቆፈረ ከሰዓት ቱቦ ዘረጋ አመሻሹ ላይ አፈሩን መልሶ ብሩን ይዞ ሄደ፣ እኔም ፈጣን ነው ብዬ መርቄ ሸኘሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ መስከረም ላይ ተዘጋ። ስናስከፍተው ቱቦው ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው፣ መሀሉ ጎብጧል፣ ጉብጠቱ ውስጥ ደለል ሞልቷል፣ መጋጠሚያው ላይ ማጣበቂያ የሚባል ነገር አልነካውም። አፈሩ ሳይመለስ ቆሜ ባየው ኖሮ በአሥር ደቂቃ የሚታይ ጥፋት ነበር። ስለዚህ እህቴ የምለምንሽ ነገር ቢኖር ብርሽም ዓይንሽም ቦዩ ክፍት እያለ እዛው ይሁኑ፣ ከተደፈነ በኋላ ሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው።

ምን ይታያል? ቱቦው ሥር 10 ሳንቲም አሸዋ አለ ወይ፣ ዋልካ ስለሚንቀሳቀስ ያለ አሸዋ መጋጠሚያውን ይነቅለዋል። መቶ አሥር ሚሊሜትሩ የፒቪሲ ፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ይውረድ፣ ማለት 12 ሜትር ከሆነ ከጫፍ ጫፍ 24 ሳንቲም፣ ግንበኛው በውሃ ልክ ያሳይሽ። የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ከፍሳሽ ጋር አንድ ቦይ ውስጥ አይገባም፣ መሻገር ካለበት በላይ በኩል ቢያንስ በ30 ሳንቲም ይራቅ። ከዚያ ሎሚ አምጪ። ላይኛው ጫፍ ላይ ሎሚውን አስገብተሽ አንድ ባልዲ ውሃ ልቀቂበት፣ ሳይቆም ፖዜቶው (የፍሳሽ መፈተሻ ጉድጓዱ) ጋ መውጣት አለበት። መጋጠሚያዎቹን ደሞ በእጅሽ ዳሺያቸው፣ እርጥብ ካለ ይፈታና ይደገም። አፈሩ ሲመለስም በየ20 በየ30 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ነው፣ አንዴ ተገልብጦ አይደለም።

የጎረቤቱን ጉድጓድ ነገር አደራ። አዲስ ማስረጊያ የሚቆፈር ከሆነ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፣ ግቢው ካልበቃ ማስረጊያ ትታችሁ ታንኩን ውሃ እንዳያሳልፍ አጥብቆ ማስገንባትና ቶሎ ቶሎ ማስመጠጥ ይሻላል፣ ውዱ እሱ ነው ግን የሰው ልጆች የሚጠጡት ውሃ ነው።

ውሉን በተመለከተ፣ መተማመን ጥሩ ነው ወረቀቱም ይኑር። ስንት ሜትር ርዝመት፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ የየትኛው ልክ ቱቦ፣ የተረፈውን አፈር ማን ያነሳል፣ የጎረቤት ግንብ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግናል፣ ማሽን በሰዓት ከሆነ ሰዓቱ ከየት ይጀምራል ናፍጣውስ የማን ነው፣ ይሄ ሁሉ ይጻፍ፣ ሁለት እማኝ ይፈርሙበት። የንግድ ፈቃዱን ኮፒ ያዢ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ 10 ዓመት ዋስትና አለበት፣ ግን ውል ከሌለሽ ምን ብለሽ ትከሽዋለሽ? ክፍያው እኔ ብሆን ሲሶው ዕቃው ግቢ ሲደርስ፣ ሲሶው ቱቦው ተዘርግቶ በውሃ ሲፈተሽ፣ የቀረው አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ነው።

ስለዚህ ደውይለትና መጀመሪያ እናስመጥጣለን፣ ከዚያ ቁፋሮ ካስፈለገ በውል ነው በይው። ሰኔ ሳይገባ ትደርሳላችሁ። ራስሽ መምጣት ካልቻልሽም ሎሚው ፖዜቶው ጋ ብቅ ሲል በስልኩ ቀርፆ እስኪልክልሽ ድረስ ሁለተኛውን ሲሶ እንዳትልኪለት።