እግሩን አጥባችሁ እዩት

ልጆቼ፣

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ስልኬ ፋታ አጥቷል። የሚላክልኝ ሁሉ የድንጉላ ቪዲዮ ነው፤ መርገፉ እየተወዛወዘ፣ አንገቱን እንደ ቀስት አጥፎ፣ በእልልታ መሐል ሽምጥ የሚጋልብ። ከሥሩ ያለው ጥያቄም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ባዝራችንን በዚህ እናስጠቃት?» የጉግስ ፈረስ ማርባት የምትፈልጉ ልጆች መብዛታችሁ ደስ ብሎኛል። ለየአንዳንዳችሁ መመለሱ ግን ከበደኝና አንዴ ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላውራችሁ። ከደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ በተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደንቢያ የነበረው አጎቴ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችው፤ ደረተ ሰፊ፣ ድንጋጤ የማታውቅ። እንከኗ አንድ ነው፦ የፊት እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ሰኮናዋ ያለው ክፍል ረዝሞ ይተኛል፤ ስትጋልብ ቁርጭምጭሚቷ መሬት ሊነካ ይደርሳል። አጎቴ «አንተ የተማርከው፣ አባት ፈልግላት» አለኝ። እኔም በጥምቀት ዓይኔን የወሰደውን አምባላይ ድንጉላ መረጥኩ። ቀርቤ ላየው የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። አንገቱን ደባበስኩ፣ ጥርሱን አየሁ፣ ከባለቤቱ ጋር ጠላ ጠጥቼ «ይሁን» ብዬ ተመለስኩ። አንድ ባልዲ ውኃ አምጡልኝ ማለት አልመጣልኝም።

ውርንጭላው ሲወለድ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየው። በአራት ዓመቱ ጉግስ ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላው የአንድ እግሩ ጅማት አበጠ፤ አሳረፍነው። ሲመለስ ሌላኛው አበጠ። የእናቱን እግር ነው የወረሰው። በበጋ ሄጄ አባቱን ባየው የእሱም እግር ያው ሆኖ አገኘሁት። አጎቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ከዚያ በኋላ ግን ባዝራ ሲያስጠቃ አማክሮኝ አያውቅም።

እንግዲህ ከድንጉላው በፊት ባዝራችሁን እዩ። ግማሹ ደም የእሷ ነው። በዚያ ላይ ውርንጭላው አሥራ አንድ ወር በማሕፀኗ፣ ከዚያም ወራት በጡቷ ሥር ይቆያል፤ ሰው መፍራትን ወይም ማመንን መጀመሪያ የሚያየው ከእሷ ነው። እግሯ የተበላሸ ወይም ሰው የምትራገጥ ከሆነች ጨርሶ አታስጠቋት። ይኼን ስናገር ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ።

እንከኗ ቀላል ከሆነ በዚያው ቦታ ላይ ደህና የሆነ ድንጉላ ፈልጉላት። ደህና አልኩ እንጂ ተቃራኒ አላልኩም። እግሯ ለተኛባት ባዝራ እግሩ እንደ ካስማ የቆመ ድንጉላ ያመጣ ሰው ልጁ መካከለኛ የሚወጣ ይመስለዋል። ደም ግን እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ አይረጋም፤ አንዱ ልጅ የእናቱን፣ ሌላው የአባቱን ይዞ ይወጣል፣ እናንተም ከአንድ እንከን ሁለት ታተርፋላችሁ።

አሁን ወደ ድንጉላው። ኮርቻውን፣ መርገፉን፣ ሁሉንም አስወርዱ። እግሩን አጥባችሁ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። አንድ ልጅ በገመድ ይዞት ከእናንተ ይራቅ፣ ተመልሶ ይምጣ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። የኋላ እግሩ የፊቱን ዱካ ተከትሎ ያርፋል ወይስ ወደ ጎን ይወረወራል? ዓይናችሁን ጨፍናችሁም የሰኮናውን ድምፅ ስሙት፤ የሚያነክስ ፈረስ ምቱ እኩል አይመጣም። ጉግስ ላይ ፈረሱ ሽምጥ መጥቶ ባንዴ ይቆማል፣ በኋላ እግሩ ላይ ተሽከርክሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ወገቡ አጠር፣ ዳሌው ወፈር ያለ፣ የኋላ እግሩ መታጠፊያ ሰፊና ደረቅ ይሁን። የእኛ ፈረስ አብዛኛው ብረት ሳይመታለት ድንጋይ ላይ የሚውል ነውና የሚሰነጠቅ ሰኮና ካያችሁ ተመለሱ። የላይና የታች ጥርሱ መግጠሙን፣ ሁለቱም ቆለጦቹ መውረዳቸውን እዩ። አንዱ ሆዱ ውስጥ የቀረበት ድንጉላ ጉድለቱን ለልጁ ሊያወርስ ይችላል። ጠባዩን ደግሞ ባለቤቱ ሲይዘው ሳይሆን የቤቱ ልጅ ውኃ ሲያጠጣው ተመልከቱ።

ይኼ ሁሉ ግን ግማሽ ሥራ ነው። «ልጆቹን አሳየኝ» በሉት ባለቤቱን። አብዛኛው ይስቅባችኋል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባል የለ? በቅሎ እንኳ እውነቱን ነው፤ እናቱ ባዝራ ናትና ፈረስ አጎቱ ነው። ድንጉላ የሚያስጠቃ ሰው ግን አጎቱን ቀርቶ አክስቱን ይቆጥርላችኋል፣ ልጆቹን አያሳያችሁም። ሦስት አራት ልጆቹን ከተለያዩ ባዝሮች የተወለዱትን ካያችሁ፣ በሁሉም ላይ የሚደጋገመው ነገር ያ ነው የድንጉላው እውነተኛ መልክ።

እኛ በፈረስ ስም መጠራት እናውቅበታለን። የቋራው ካሳ «አባ ታጠቅ» ነው። ፋሲል መዋኛ አጠገብም የአንድ የጎንደር ንጉሥ ፈረስ፣ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ግንብ ቆሟል። ዞብል የማን ልጅ እንደነበር ግን ማን ነገረን? እንግሊዞች በ1791 እ.ኤ.አ. የሩጫ ፈረሶቻቸውን ዘር መዝገብ አሳትመዋል፤ የዛሬዎቹም በአባት ወገን ከሦስት ድንጉላዎች ይመዘዛሉ። በጀርመን ጼለ በምትባል ከተማ ከ1735 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድንጉላ ማርቢያ አለ። የሀኖቨር ዝላይ ፈረስ የሚያረቡት ሰዎች ድንጉላን በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አባት አያደርጉትም፤ ቁመናውና አረማመዱ ይገመገማል፣ ተጭኖ ይፈተናል፣ በኋላም የልጆቹ ውጤት እየታየ ስሙ ይወጣል ወይም ይወድቃል። የእነሱን ገንዘብ አንመኝ፤ አንድ ደብተር ግን ይበቃናል። ባዝራዋን፣ ድንጉላውን፣ የጠቃበትን ቀን፣ የተወለደውን ጻፉ።

ስለ ትልቅነት ደግሞ። «ከውጭ የመጣ ትልቅ ድንጉላ አግኝተናል» የምትሉኝ አላችሁ። በ1938 እ.ኤ.አ. ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ግዙፉን የሻየር ፈረስና ድንክዬውን የሼትላንድ ፈረስ ወዲያና ወዲህ አዳቅለው ነበር። ዝርያው ያው ሆኖ ከትልቋ እናት የተወለደው ከትንሿ ከተወለደው ሲወለድ ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። ማሕፀን ይገዛል ማለት ነው። የእኛን ትንሽ ባዝራ ልጅ በአንድ ጊዜ ግዙፍ ልናደርገው አንችልም፤ ድንጉላው ከእሷ በመጠኑ ከፍ ያለ ቢሆን ይበቃል።

በሽታም አለ፣ አጭር ላድርገው። ዶሪን የሚባለው በሽታ ዝንብ አይፈልግም፤ በመጠቃቃት ብቻ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይሄዳል። በአገራችን አርሲና ባሌ ደጋ ላይ የታወቀ ነው። ብልቱ ያበጠ፣ ቆዳው ላይ ክብ እብጠት የሚወጣና የሚጠፋ፣ እየበላ የሚከሳ፣ የኋላ እግሩ የሚደክም ድንጉላ ካያችሁ ባዝራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምልክት ሳያሳይም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከመንደር መንደር ሲከራይ የኖረን ድንጉላ ሳታስመረምሩ አትመኑ። በአንገቱና በእግሩ ላይ ተሰልፎ የሚፈነዳ እባጭ ያለበትንም አታስጠጉ።

ጊዜውን የምመርጠው ጥቅምት ነው። ባዝራዋ የክረምቱን ሣር በልታ ወገቧ ሞልቷል፤ ጥቅምት መጀመሪያ የተጠቃች መስከረም ላይ ትወልዳለች፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሣሩ ሳይደርቅ። በሃያ አንድ ቀን ግድም ድንጉላ ትፈልጋለች፣ ፍላጎቷም አምስት ስድስት ቀን ይቆያል። የምትፀንሰው ወደ መጨረሻው ነውና በመጀመሪያው ቀን አስጠቅታችሁ አትመለሱ፤ በየሁለት ቀኑ ድገሙ።

የአዘዞው ልጅ፣ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ የላክኸው፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ባዝራዋን ከቤት አውጥተህ ጠብቀኝ፣ ለድንጉላውም ባለቤት ንገረው። ባልዲው ሁለት ይሁን።