«ዓይንዎን ይጨፍኑ» ከማለታችሁ በፊት

ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና ለምትገቡ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ማይንድፉልነስን፣ ማለትም አሁን የሚሆነውን በትኩረት የማስተዋል ልምምድን፣ የምትማሩት ሰው ለማረጋጋት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ልምምዱ የሚያስተምረው ውስጥን ሳይሸሹና ሳይፈርዱ ማየትን ነው፤ እርጋታው ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። «ያረጋጋዎታል» ብላችሁ ቃል የገባችሁለት ታካሚ ያልተረጋጋ ዕለት «ይሄም አቃተኝ» ብሎ ራሱን ይከሳል።

በሕክምና ውስጥ ያለውን መነሻ እወቁት። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የጀመረው ሥልጠና ነው፤ በተለመደው መልኩ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በቀን 45 ደቂቃ ገደማ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቲስዴል፣ ሲጋልና ዊሊያምስ ድባቴ እንዳያገረሽ ለመከላከል አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት ጥቅሙን ያገኘው ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ ባጋጠማቸው ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ በታመሙት ላይ አላገኘም። እነዚያም ሰዎች ወደ ሥልጠናው የገቡት ካገገሙ በኋላ ነበር። ይህን ሳያጤኑ ለመጣው ሁሉ አንድ ዓይነት ልምምድ ማዘዝ ስንፍና ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልምምድ አታስጀምሩ፤ ጠይቁ። እንቅልፉ እንዴት ነው? የደረሰበት ጥቃት ወይም አደጋ አለ? ድንገተኛ የፍርሃት መናጥ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብስ? የመጨረሻው ካለ የደኅንነት ዕቅድ ይቀድማል።

ቀጥሎ ልምምዱ ሲጀመር ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ዓይን ተከፍቶ ወለሉን ይይ፤ ትኩረቱም እግር መሬት ሲነካ በሚሰማው ስሜት ወይም በክፍሉ ድምፆች ላይ ይሁን። ትንፋሽን መከታተል ለኋላ ይቆይ። የፍርሃት መናጥ ያለበት ሰው ትንፋሹን ሲከታተል ሊቆጣጠረው ይሞክራል፣ አብዝቶ ይስባል፤ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ያን ጊዜ የሚሞት ይመስለዋል። ጥቃት የደረሰበትን ደግሞ ጨለማውና ዝምታው ወደ ጥቃቱ ትዝታ ሊመልሱት ይችላሉ። ዓይኑ ከፈዘዘ፣ መልሱ ከዘገየ አቁሙ፤ በስሙ ጥሩት፣ በክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን አምስት ዕቃዎች ይቁጠርላችሁ።

ዋናው ሥራ ያለው ከልምምዱ በኋላ ባለው ጭውውት ነው። «ጥሩ ነበር?» አትበሉ፤ ለይሉኝታ «አዎ» ይላችኋል። «ምን አስተዋሉ?» በሉ። «ሐሳቤ ወደ ሥራዬ ሄደ፣ በራሴም ተናደድኩ» ካለ፣ የሐሳቡን መሄድ እለፉትና ንዴቱ ላይ ቆዩ፦ ሰውነቱ ላይ የት ተሰማው? ከዚያስ ምን አደረገ? ሌላ ጊዜ ሲሳሳትስ እንዲሁ ያደርጋል? ጀማሪዎች እዚህ ጋ ማብራሪያ መስጠት ይቀናቸዋል። ታገሡ።

ራሱ የማይለማመድ ቴራፒስት የልምምዱን መመሪያ ከወረቀት ሲያነብ ፍጥነቱ ያጋልጠዋል፤ ዝምታው ሁለት ሴኮንድ አይሞላም። በየቀኑ ተለማመዱ፣ ሱፐርቪዥንም (ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ሥራችሁን መገምገምን) አታቋርጡ።

ታካሚው «የቤት ሥራውን አልሠራሁም» ብሎ ሲመጣ አትገሥጹት። ሊጀምር ሲል ምን ተሰምቶት እንደተወው ጠይቁ። ርዝመቱ ከብዶት ከሆነ ወደ አንድ ደቂቃ አውርዱት።