የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጃፓን ጎራዴ ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከአንድ ቤተሰብ የጃፓን ጎራዴ ገዛሁ። አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1945 ከጦርነት ሲመለሱ ያመጡት እንደሆነ ነግረውኛል። እጀታው የሠራዊት ነው፤ ብረቱም ነጠብጣብ ዝገት ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት ልጥረገው? የጥንት ይሁን የፋብሪካ በምን ዐውቃለሁ?

መልስ፦ የብርጭቆ ወረቀቱን ፈጽሞ አያስነኩት። የሠራዊት እጀታ መልበሱም ተስፋ አያስቆርጥዎ፤ ብዙ የጃፓን መኮንኖች የቤተሰባቸውን የቆየ ብረት በአዲስ እጀታና ሰገባ አስገጥመው ይዘምቱ ነበር። ቁርጡ የሚታወቀው እጀታው ውስጥ ተሸሽጎ በሚኖረው የብረቱ ጭራ ነው፤ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል።

እሱን ለማየት እጀታው ላይ የተሸጎጠችውን የቀርከሃ ችንካር ይፈልጉ። አንዱ ጫፏ ከሌላው ይቀጥናል። በቀጭኑ በኩል የእንጨት ወይም የነሐስ ዘንግ ደግፈው በቀስታ እየመቱ ያስወጧት። ጎራዴውን ከሰገባው ካወጡ በኋላ የእጀታውን መጨረሻ በግራ እጅዎ ይያዙ፤ ጫፉ ወደ ላይ፣ ስለቱ ከእርስዎ ወዲያ ይሁን፤ ጥቂት ያጋድሙት። በቀኝ ቡጢዎ የግራ አንጓዎን መታ መታ ሲያደርጉ ብረቱ ይላላል። ምቱን አያበርቱ፤ በተለይ አጭር ጎራዴ ተፈናጥሮ ይወድቃል። እምቢ ካለ በጉጠት አይታገሉት፤ የእጀታው እንጨት ይሰነጠቃል። ሲፈቱት የእጅ መከላከያውንና ስስ ቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ፎቶ ያንሱ፤ ቦታቸው ከተለዋወጠ መልሰው ሲገጥሙት ይወዛወዛል።

አሁን የጭራውን ዝገት ይመልከቱ። የጥንቱ ጥቁር ቡናማ፣ ልስልስና ጠንካራ ነው፤ ጣት ላይ አይቀርም። ቀላና ዱቄት የሚመስል ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው፣ አለዚያም ሰው ነካክቶታል። የጭራውን ዝገት የጠረገ ሰው የብረቱን የልደት ወረቀት ቀዶ ጣለ ማለት ነው፤ የጎራዴው ዋጋም አብሮ ይወድቃል። ባለእጁ ጭራው ላይ የተዋቸውን የሞረድ መስመሮች፣ የችንካር ቀዳዳዎቹን ብዛትና የባለእጁን ፊርማ በሰያፍ ብርሃን ፎቶ ያንሱ። ፊርማ ማጣት ብቻውን ጉድለት አይደለም፤ ረጃጅም ጎራዴዎች ከጭራቸው እየተቆረጡ ሲያጥሩ ፊርማቸው አብሮ ይሄዳል። ይልቅ የታላቅ ባለእጅ ስም ሲያገኙ ይጠንቀቁ፤ በሐሰት ስም መቅረጽ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በፊርማው ቅርጽ ውስጥ ያለው ዝገት ከዙሪያው ተለይቶ አዲስ ከመሰለ ይጠርጥሩ። ጭራው ላይ ትንሽ ማኅተም ካለ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ሥራ ነው። ብረቱ ራሱ ላይ ተራ ቁጥር ከታተመበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 ለበታች ሹማምንት የወጣው የፋብሪካ ጎራዴ መሆኑ ነው።

ለስለቱ የሚበቃው በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ጠርጎ ስስ ዘይት መቀባት ነው። በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት አሻራ ዝገት ይሆናል። ለሞራጅ ከመክፈልዎ በፊት ስለቱን በመብራት ሥር ከዳር እስከ ዳር ይመርምሩ። ከስለቱ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚወጣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ጥገና የለውም፤ ለሞረዳው ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው። ጤነኛውም ቢሆን በተሞረደ ቁጥር ብረት ይቀንሳል፤ በተሽከርካሪ ሞረድ የተነካ ደግሞ ቅርጹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ካታና የሚባለው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው?

መልስ፦ ከጫፉ ተነሥተው በጀርባው በኩል፣ ጭራው ከሚጀምርበት ደረጃ ድረስ በቀጥታ ይለኩ፤ ጉብጠቱን አይከተሉ፤ ጭራውንም አይቁጠሩ። 60.6 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካታና፣ ከ30.3 እስከ 60.6 ዋኪዛሺ፣ ከዚያ በታች ታንቶ ነው።

ጥያቄ፦ የብረት ጹባ፣ ማለትም የጎራዴ እጅ መከላከያ፣ በኢንተርኔት ልገዛ ነው። በቅርጽ የፈሰሰ ኮፒ እንዳይሆን ምን ልይ?

መልስ፦ የቀዳዳዎቹን የውስጥ ግድግዳ የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቁ። በእጅ የተቀረጸ የመሣሪያ ዱካ አለው፤ የፈሰሰው ግን የመጋጠሚያ መስመር፣ ጥቃቅን ጉድጓድና የደበዘዘ ጠርዝ ያሳያል። ብረቱ የሚያልፍበትን የመሐል ቀዳዳ ዙሪያም ይዩ፤ ጎራዴ ላይ የኖረ ጹባ ብዙ ጊዜ ለማጥበቅ የተመታ የመብሻ ምልክት ወይም የመዳብ ሙሌት አለው። ቀይ ዝገት ካለበት በአጥንት ስባሪ እየፋቁ በጥጥ ጨርቅ ደጋግመው ይሹት። አሲድና የሽቦ ብሩሽ አያስጠጉ። ጥቁር የሚያብረቀርቀው ሻኩዶ ጥቂት ወርቅ የተጨመረበት መዳብ ነው፤ የብረታ ብረት ማጽጃ ጥቁረቱን ይገፈዋል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የጃፓን መንግሥት ወረቀት አለው» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ይጠይቁት። የመንግሥቱ ካርድ በጃፓን ምድር ጎራዴውን በሕግ ለመያዝ የሚያገለግል ምዝገባ ነው፤ የባለእጁን ማንነት አያረጋግጥም፤ ጎራዴው በሕጋዊ መንገድ ከአገር ሲወጣም ይመለሳል። ስለ ባለእጁና ስለ ዘመኑ የሚመሰክረው እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጎራዴ ጥበብ ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠው ወረቀት ነው። ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው አራት ደረጃ አለው፦ ሆዞን፣ ቶኩቤጹ ሆዞን፣ ጁዮ እና ቶኩቤጹ ጁዮ። ይኸው ማኅበር ቀድሞ በታላላቅ ስሞች ላይ የሰጣቸው የድሮ አረንጓዴ ወረቀቶች ግን አመኔታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ጎራዴው ለአዲስ ምርመራ ካልቀረበ በስተቀር በስሙ ልክ ዋጋ አይክፈሉ።