መልስ፦ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተዘጋጀ ዓለም ወይስ የራሳችን?

ወንድሜ፣ «ጅማ ላይ አምስት ሆነን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (አንዱ ተራኪ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ) ልንጀምር ነው፣ ተራኪው እኔ ነኝ፤ ታሪኩ የሚካሄድበትን ዓለም የተዘጋጀ እንውሰድ ወይስ የራሳችንን እንፍጠር?» ላልከው፣ እኔ የራሳችሁን ፍጠሩ ባይ ነኝ። ግን ትንሽ ይሁን።

የተዘጋጁት መጥፎ ሆነው አይደለም። ከነሱ አንዱ፣ ፎርጎትን ሪልምስ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ከታተመ ወዲህ መዓት ተጽፎበታል። ሁሉንም ላንብብ ካልክ ሳትጀምሩ ክረምቱ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሌላው ዓለም፣ ኤበሮን፣ ለሐሳብ መስረቂያ ይሻላል፤ እዚያ ባቡሩም የመንገድ መብራቱም በአስማት ነው የሚሠራው።

ለናንተ ግን ደጃችሁ ላይ ያለው ይበቃል። ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፦ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ጎረቤትም ተፎካካሪም ነበሩ። ድንበር ላይ ኬላ ነበር፤ ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ከኬላ እስከ ኬላ ደግሞ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። ጭራቁን እዚያ አስቀምጥልኝ!

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይሁን። ሊመሽ ነው፣ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ተሰልፈዋል፣ ጠባቂው በሩን ሊዘጋ ነው። አንዱ ጆንያ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ጠባቂው «ፍታው» ይላል። ከዚያ ዝም በል፣ ተጫዋቾቹ ይጨነቁበት።

የነገሥታቱን ስም ቀይር። አባ ጅፋርን ድራገን ላይ ካስቀመጥክ አንዱ ታሪክ ላርም ብሎ ማታችሁን ይበላዋል። ካርታው አንድ ገጽ ይበቃል። አማልክቱን ሲጠይቁህ ትፈጥራለህ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግን አንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩት፤ የንጉሥህን ግቢ ስትገልጽ ይጠቅምሃል።