አሮጌውን ስልክ አስረክቦ አዲሱን «በነፃ» ስለመውሰድ፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። በ2021 የገዙት አይፎን 13 ባትሪው እየደከመ መጥቷል፤ የስልክ ኩባንያዎ ደግሞ አሮጌውን ካስረከቡ አዲሱን በ36 ወር «በነፃ» እሰጣለሁ ብሎዎታል። መቀየር ይሻላል ወይስ ማቆየት፣ የስልክ ዋጋስ ለምን እንዲህ ናረ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ከ2012 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የስልክ መደብር ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሐሳቤን አስቀድሜ ለመናገር፣ ባይቀይሩ ይሻላል እላለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ስልክ ርካሽ ነበር የሚለው ትዝታ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በ2008 አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር ሲሸጥ ገዢው የሁለት ዓመት ውል ይፈርም ነበር፤ የቀረውን ዋጋ ኩባንያው ከፍሎ ከወርሃዊው የአገልግሎት ሂሳብ ጋር ቀላቅሎ ይሰበስበው ነበር። ውሉ ሲያልቅ ግን ሂሳቡ አይቀንስም፤ ስልኩን ያልቀየረ ሰው ያልወሰደውን ስልክ ዋጋ መክፈሉን ይቀጥላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያኔ ቅንጦት ሳይሆን የሚያዋጣ ነገር ነበር።

ከአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ቲ-ሞባይል በ2013 ይህን አሠራር ተወው፤ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2016 መጀመሪያ ተከተሉት። የስልኩ ሙሉ ዋጋ ደረሰኝ ላይ ለብቻው መጻፍ ሲጀምር የደንበኛው ጠባይ በዓይኔ ፊት ተለወጠ፤ ቀድሞ «የምቀይርበት ቀን ደረሰ ወይ» ብሎ ይመጣ የነበረው ሰው፣ 649 ዶላር የሚለውን ቁጥር አይቶ «የያዝኩት ምን ሆነና» እያለ መመለስ ያዘ። ሰው ስልኩን ባቆየ ቁጥር አምራቾቹ ገቢያቸውን ከብዛት ይልቅ ከአንዱ ስልክ ዋጋ ላይ መፈለግ ጀመሩ፤ አይፎን ኤክስ በ2017 በ999 ዶላር ወጣ። በጥር 2019 የአይፎን አምራች የሆነው የአፕል ዋና ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ ገቢያቸው ከተጠበቀው በታች መሆኑን ለባለአክሲዮኖች ሲያስረዳ ዋናውን ምክንያት ቻይና ላይ ቢያደርግም፣ የስልክ ኩባንያዎች ድጎማ መቀነሱንና ባትሪያቸውን በቅናሽ ያስቀየሩ ደንበኞችንም ጠቅሷል። በ2018 ባትሪ በ29 ዶላር ይቀየር ስለነበር፣ አዲስ ስልክ ሊገዛ መጥቶ ባትሪ የሚቀየርበትን ቦታ ጠይቆኝ የሄደው ሰው ብዙ ነው፤ ደስ ብሎኝ እነግራቸው ነበር።

አሁን ወደ «ነፃው» ስልክ ልምጣ። ኩባንያው ለአሮጌው ስልክዎ 800 ዶላር ሰጠሁ ሲል በእጅዎ አይሰጥዎትም፤ በየወሩ ከሂሳብዎ ላይ 22 ዶላር ገደማ ይቀንስልዎታል እንጂ። የቅርብ ዘመዴ በ14ኛው ወር ኩባንያ ሲቀይር ያልደረሰው ወደ 489 ዶላር የሚጠጋ ቅናሽ ተሰርዞበት፣ የአዲሱን ስልክ ቀሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ክፈል ተብሏል። ቅናሹ የሚሰጠው ውድ በሆነው ወርሃዊ ጥቅል ብቻ ከሆነም፣ በወር 15 ዶላር ልዩነት በ36 ወር 540 ዶላር መሆኑን ያስቡ። የሁለት ዓመቱ ውል በሌላ ልብስ ተመልሷል።

የእርስዎን ስልክ በ799 ዶላር ገዝተው አራት ዓመት ከተጠቀሙበት በዓመት 200 ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በ89 ዶላር ባትሪ አስቀይረው ሁለት ዓመት ቢጨምሩ ወደ 148 ይወርዳል። በአይፎን 13 እና ከእሱ በኋላ በመጡት መካከል ያለው ልዩነት ለአብዛኛው ሰው የዕለት ሥራ ይህን ያህል የሚታይ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን አሮጌውን ስልክ አገር ቤት ለወንድም ወይም ለእህት እንልካለን፤ ለኩባንያው ካስረከቡት ግን ይህ ቀረ ማለት ነው። አይፎን 13 የሲም ካርድ ማስገቢያ አለው፤ ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የወጡት አይፎኖች ግን የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። እናም አገር ቤት ላለ ሰው አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ የሚመችበት ጊዜ አለ። ዕዳው ተከፍሎ አልቆ ከሆነ ኩባንያው ስልኩ በሌላ ኩባንያ መስመርም እንዲሠራ ቁልፉን እንዲከፍትልዎ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ የተቆለፈ ስልክ ልኮ እዚያ አልሠራ ሲል መስማት ያሳዝናል።

ከሁሉ በፊት በስልክዎ ቅንብር ውስጥ የባትሪውን ጤንነት ይመልከቱ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ። የደኅንነት ማሻሻያ መምጣቱ የቆመ ዕለት ግን የባንክ መተግበሪያ የሚከፍቱበት ስልክ ስለሆነ አያቆዩት፤ ያኔ ይቀይሩት፤ ሲቀይሩም ሙሉ ዋጋውን ከፍለው፣ ያልተቆለፈውን ይግዙ።